ፍርድ ቤቱ ነፃ ካላቸው አፈናው በየት በኩል ገባ?

አንድ የታሪክ መወያያ መድረክ ላይ የተከፈተ ክር አለ። መልሱ 27 ደርሷል። ጉዳዩ የደቡብ አፍሪካ የነጮች አገዛዝ ነው። የአፓርታይድ ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ማንዴላ ይወደሳል፣ ነጭ ይወገዛል፣ ሁሉም ተስማምቶ ይበተናል። ይሄኛው ግን እንደዚያ አልሆነም። ጥያቄው ጠመም ያለ ነበርና ሰዉን አፋጠጠው። ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። ድግግሞሹንና ስድቡን ዘልዬዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ ከአንድ ክስ ይነሳል። ዲሴምበር 5 ቀን 1956 ንጋት ላይ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የተቃዋሚ መሪዎችን ከየቤታቸው ለቀመ። በጠቅላላው 156 ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ። 105 ጥቁሮች፣ 23 ነጮች፣ 21 ሕንዶችና 7 ክልሶች። ክሱ በሞት የሚያስቀጣ ነው። ጉዳዩ ከአራት ዓመት በላይ ተጎተተ። ማርች 29 ቀን 1961 ግን ሦስት ነጭ ዳኞች እስከ መጨረሻ የቀሩትን ተከሳሾች በሙሉ፣ ማንዴላንም ጭምር፣ በነፃ አሰናበቱ። ጠያቂውን ግራ ያጋባው ይሄ ነው። አገዛዙ የሚባለውን ያህል አፋኝ ከነበረ በራሱ ሕግ፣ በራሱ ዳኞች ፊት እንዴት ይረታል? ወይስ እኛ የሰማነው ተጋንኗል? ጥያቄዬ የዋህ ከመሰላችሁ ታገሱኝ ብሎ በትሕትና ዘግቶታል።

1ኛው መልስ ሰጪ ጊዜ አላባከነም። ለውጭ ታዛቢ የተሠራ ድራማ ነው አለ፤ አበቃ። በክሩ ውስጥ ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ መልስ ነው። አይገርምም፤ አጭር ነው።

2ኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው። ድራማ ቢሆን መንግሥት ያን ያህል ዓመትና ገንዘብ አያፈስበትም ነበር፣ ለመርታት ከልቡ ነው የገባበት ይላል። ያቃተው የማስረዳቱ ሸክም ነው። አቃቤ ሕግ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መንግሥትን በኃይል የመጣል ፖሊሲ ነበረው ብሎ ማሳመን ነበረበት። የኮንግረሱ መንገድ ደግሞ ያኔ ሰላማዊ ነበር። ፖሊስ በየቤቱና በየቢሮው ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰነድ ሰበሰበ። ዋናው ማስረጃ ጁን 1955 ክሊፕታውን ላይ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ የጸደቀው የነፃነት ቻርተር ነበር። ፖሊስ ያንን ጉባኤ በሁለተኛው ቀን ከብቦ ያገኘውን ሁሉ ወስዷል። ከወሰዳቸው መካከል ምግብ ከሚሸጥበት ቦታ የተነቀሉ ሁለት ማስታወቂያዎች አሉ። አንዱ ሾርባ ከሥጋ ጋር ይላል፣ ሌላው ሾርባ ያለ ሥጋ። ሁለቱም ለችሎት በማስረጃነት ቀረቡ። መልስ ሰጪው በዚህ አቆመ። ማብራሪያም አልጨመረበት።

3ኛው ስለ አፓርታይድ ምንም አላለም። የጠየቀው 1956 በእኛ ነው በእነሱ ብቻ ነው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. ብሎ አልጻፈም ነበር። ነገሩ ቧልት ቢመስልም እውነት አለው። በእኛ 1956 ከሆነ እነ ማንዴላ በአሻጥር ተከሰው ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው የሪቮንያው ችሎት ላይ ናቸው፤ ሌላ ክስ፣ ሌላ ፍርድ። ሁሉንም በፈረንጅ ቁጥር አንብቡት ተባለና ታለፈ። እኔም እዚህ በፈረንጅ ቁጥር ነው የምጽፈው።

ነገሩ መልክ የያዘው 4ኛው ላይ ነው። ሰውዬው ጠበቃ እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ጥያቄውን ገለበጠው። ዳኞች አንዳንዴ በመንግሥት ላይ ይፈርዱ ነበር፣ መታየት ያለበት ግን መንግሥት ከተረታ በኋላ የሚያደርገው ነው ይላል። ዳኛውን አያስርም። ሕጉን ይቀይራል።

ማሳያው ከዚያ ክስ በፊት የሆነ ነው። በ1951 የጠቅላይ ሚኒስትር ማላን መንግሥት የኬፕ ክልሶችን ከጋራው የመራጮች መዝገብ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። በ1952 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕጉ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኘም ብሎ ሻረው። መንግሥት ፓርላማው ራሱ እንደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሌላ ሕግ አመጣ። እሱም ተሻረ። በ1955 መላ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያዩት የይግባኝ ዳኞች 11 እንዲሆኑ ተደረገ። ሴኔቱም ከ48 ወደ 89 መቀመጫ ተለጠጠ፤ አዲሶቹን ወንበሮች የገዢው ፓርቲ ሰዎች ሞሉት። በ1956 ሁለት ሦስተኛው ተገኘና ክልሶቹ ከመዝገቡ ወጡ። ጉዳዩ እንደገና ፍርድ ቤት ሲደርስ ከአንድ ዳኛ በቀር ሁሉም ሥርዓቱን ጠብቋል አሉ። ጠበቃው ሲጨርስ ለጠያቂው የቤት ሥራ ሰጠው። የ1961ን ፍርድ ለጊዜው ተወውና ከዚያ ወዲህ የወጡትን ሕጎች በቅደም ተከተል አንብብ ብሎታል።

5ኛው ወደፊት ከመሄዱ በፊት ወደ ኋላ ተመለሰ። በ1950 የወጣው ኮሚኒዝምን የማፈኛ ሕግ ኮሚኒስት ብቻ የሚያሳድድ አልነበረም። ሁከት እየፈጠሩ ማንኛውንም ፖለቲካዊ፣ ማኅበራዊ ወይም ኢኮኖሚያዊ ለውጥ ለማምጣት መሞከር በሕጉ ዓይን ኮሚኒዝም ነው። ሚኒስትሩም ሰውን ያለ ፍርድ ማገድ ይችላል። የታገደ ሰው ከተመደበለት ወረዳ አይወጣም፣ ስብሰባ አይገባም። እየቆየ ሲሄድ ከአንድ ሰው በላይ ጋር መቀመጡ ራሱ ስብሰባ ሆኖ ተቆጠረበት። ከ1962 ወዲህ ንግግሩን ማተምም ወንጀል ሆነ።

በ1952 በተደረገው የእምቢታ ዘመቻ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች የዘር ሕጎችን ሆን ብለው እየጣሱ ታሰሩ። ለነጮች ብቻ በተባለ በር ይገባሉ፣ የሰዓት እላፊ ይጥሳሉ፣ ከዚያ እስኪያዙ ይጠብቃሉ። በዓመቱ መጨረሻ ማንዴላና 19 ጓዶቹ በዚሁ የ1950 ሕግ ጥፋተኛ ተባሉና ዘጠኝ ወር በገደብ ተፈረደባቸው። የፈረደው ዳኛ ሩምፍ ነው። ጥፋታቸው ሰው በተለምዶ ኮሚኒዝም ብሎ ከሚያውቀው ጋር እንደማይገናኝ ራሱ ችሎት ላይ ተናግሯል። ግን ፈረደ። ከስምንት ዓመት በኋላ በአገር ክህደቱ ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ ሆኖ ነፃ ናችሁ ያላቸውም ይኸው ሩምፍ ነው። ሰውዬው አልተለወጠም፣ በፊቱ የተቀመጠለት የሕግ አጻጻፍ ነው የተለያየው ይላል 5ኛው። ለጥያቄው ቀጥታ መልስ የሰጠ እሱ ይመስለኛል። ላይኩ ግን አራት ነው።

6ኛው ደሙ ፈልቷል። እናንተ ሕግ ሕግ እያላችሁ አፓርታይድን ኮትና ከረባት እያለበሳችሁት ነው አለ። ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ 69 ሰው ሲገደል፣ ብዙዎቹም ከጀርባቸው ሲመቱ፣ የትኛው አንቀጽ ነው የተጠቀሰላቸው? ጥያቄውን ያነጣጠረው በጠበቃው ላይ ነው። ከዚህ በኋላ እናንተ መባባሉ ቀርቶ አንተ መባባል ተጀመረ።

ጠበቃው በ7ኛው መለሰ። የእሱም ትሕትና ትንሽ ቀንሷል። ሻርፕቪል የተሰበሰቡት ሰዎች ጥቁሮች ሁልጊዜ እንዲይዙ የሚገደዱበትን የይለፍ ደብተር ቤት ትተው ኑና እሰሩን ለማለት የመጡ ነበሩ፣ ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ስለ ሕግ ነበር ይላል። ከግድያው በኋላ የሆነውንም አስከተለ። ማርች 30 በ1953ቱ የሕዝብ ደኅንነት ሕግ መሠረት አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ክስ ታሰሩ። ኤፕሪል 8 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ በአዲስ ሕግ ታገዱ። በ1961 ደግሞ የተጎዱ ሰዎች መንግሥትንና ፖሊሶቹን ከሰው ካሳ እንዳይጠይቁ ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ ሕግ ወጣ። ተኳሹን ለማዳን ሲሆን ሕግ ለማውጣት ጊዜ አላነሳቸውም ብሎ ዘጋው። 6ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

8ኛው ጆሃንስበርግ የሚኖር ልጅ ነው። ሱቁ መሀል ከተማ፣ አበሻው ጄፒ የሚለው ሰፈር ነው። እሱ የጻፈው በእግር ስለሚደረስባቸው ቦታዎች ነው። የአገር ክህደቱ ተከሳሾች መጀመሪያ የታሰሩበት አሮጌው ምሽግ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ፍርድ ያልተሰጣቸው እስረኞች ይቆዩበት የነበረው ሕንፃ ሲፈርስ ጡቡን ለፍርድ ቤቱ ግንባታ ተጠቅመውበታል። የመጀመሪያው ምርመራ የተሰማበት የወታደር አዳራሽም ከዚያ አይርቅም። እዚያ ተከሳሾቹን በሽቦ አጥር ውስጥ አስቀመጧቸው። ከመካከላቸው አንዱ አደገኛ ናቸው፣ ምግብ አትስጧቸው የሚል ወረቀት ጽፎ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ጠበቆቹ ደንበኞቻችን እንዲህ ከተቀመጡ ጥለን እንወጣለን ብለው አስነሡት። ልጁ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው የማንዴላን ቤት ብቻ ነው ብሎ ቅር ተሰኝቷል።

9ኛው የሱቁን አድራሻ ይዞ አስገረመው። ጄፒ የተባለው ጎዳና ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ አሁን ራሂማ ሙሳ ጎዳና ነው። ራሂማ ሙሳ ኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች የይለፍ ደብተርን ተቃውመው ፕሪቶሪያ ላይ ሲሰለፉ ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ናት። እዚያው መሀል ከተማ ሌሎች ጎዳናዎች የሊሊያን ንጎዪንና የሄለን ጆሴፍን ስም ይዘዋል። ሁለቱም ከሰልፉ መሪዎች ናቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከ156ቱ ተከሳሾች መካከል ገብተዋል። ያ ሁሉ አበሻ ነጋዴ ልብሱንና ብርድ ልብሱን የሚቸበችበው በዚህ ስም ሥር ነው።

ከዚያ ክሩ ሾለከ። 10ኛውና 11ኛው የጆሃንስበርጉን ልጅ የሱቅ ኪራይ ስንት ገባ፣ ወረቀት እንዴት ይወጣል እያሉ ያዙት። ልጁ ትዕግሥት አለው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አላቸው።

12ኛዋ የሕግ ተማሪ ነኝ ትላለች። ጠበቃው ለጠያቂው የሰጠውን የቤት ሥራ እሷ ሠርታ መጣች። ከክሩ ረጅሙ መልስ ይሄ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በ1961 ጆን ቮርስተር የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለናዚ ባደላ ድርጅት ውስጥ ሹም ነበር፤ በዚያም ኮፊፎንቴይን በተባለ ካምፕ ያለ ፍርድ ታስሯል። ያለ ፍርድ መታሰርን በራሱ ያየ ሰው ነው። በ1962 የሳቦታዥ (የአሻጥር) ሕግ አወጣ። ቅጣቱ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ሞት ነው። የቁም እስርም ከዚሁ ሕግ ጋር መጣ፤ መጀመሪያ የተጣለባት ሄለን ጆሴፍ ናት። በአገር ክህደቱ ክስ በነፃ የተለቀቀችው ሴት በሚኒስትር ፊርማ እቤቷ ታሰረች። ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገም።

በ1963 የ90 ቀኑ ሕግ መጣ። ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ያለ ክስ፣ ያለ ጠበቃ 90 ቀን ያቆየዋል። ሲያልቅ ደግሞ እንደ አዲስ ይይዘዋል። ዳኛ ሊያስፈታው አይችልም። ፓርላማ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ተቃውማ ድምፅ ሰጠች፣ ሄለን ሱዝማን። ዋናው የነጮች ተቃዋሚ ፓርቲ ከመንግሥት ጋር ቆመ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሉክስማርት ንጉድሌ በዚህ ሕግ ታስሮ ሳለ ሞተ፤ በእስር ላይ ሳሉ ከሞቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጋዜጠኛዋ ሩት ፈርስት 90 ቀኗን ጨርሳ ተለቀቅሽ ተባለችና ወዲያው ተይዛ በጠቅላላው 117 ቀን ቆየች። ከዓመታት በኋላ በ1982 በስደት በነበረችበት ማፑቶ በፖስታ በተላከ ቦምብ ተገደለች። በ1965 ቀኑ ከ90 ወደ 180 አደገ። በ1967 በወጣው የሽብርተኝነት ሕግ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ የቀን ገደቡ ጭራሽ ተነሣ።

ተማሪዋ እንደምትለው ከ1961 ፍርድ በኋላ መንግሥት የተማረው አንድ ነገር ነው። ማስረጃ ፍለጋ ሾርባ ማስታወቂያ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ ሰውዬውን አስሮ ራሱን ማስረጃ ማድረግ ይቻላል። በሪቮንያው ክስም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ክሶች ከአቃቤ ሕግ ምስክሮች ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነት እስር የመጡ ነበሩ።

13ኛው ሱዝማን ስትነሳ ደስ አላለውም። ይቺ ነጭ አዳኝ የማታልቅ ናት ብሎ ሙድ ያዘ። ሱዝማን ፓርላማ ውስጥ ደመወዟን እየበላች፣ ፓርቲዋም ያኔ የሚደግፈው ትምህርትና ንብረት ላለው ብቻ የመምረጥ መብት እንዲሰጥ ነበር፣ ለሁሉም እኩል ድምፅ አላለም ይላል። በ1968 መንግሥት ጥቁርና ነጭ በአንድ ፓርቲ እንዳይሆኑ ሲከለክል የሊበራል ፓርቲው ከምንከፋፈል ብንፈርስ ይሻላል ብሎ ተበተነ፤ የሱዝማን ፓርቲ ግን ነጭ ብቻ ሆኖ ቀጠለ። ቃናው አጉል ነው እንጂ ነጥቡ ትክክል ነው።

14ኛው ሊያስታርቅ ሞከረ። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም ብሎ ብራም ፊሸርን አመጣ። አያቱ የኦሬንጅ ሪቨር ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አባቱ ከፍተኛ ዳኛ የነበሩ የአፍሪካነር ልጅ ነው። በሪቮንያው ክስ የእነ ማንዴላን ጠበቆች መራ። በኋላ እሱ ራሱ ተከሰሰና በ1966 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሴኔቱን መለጠጥ ለመቃወም በ1955 የተነሡትን የጥቁር መቀነት ሴቶችንም አስታወሰ። ነጭ ሴቶች ናቸው፤ ጥቁር መቀነት በትከሻቸው አጣፍተው ሚኒስትሮች በሚያልፉበት ዝም ብለው ይቆማሉ። በኋላም የይለፍ ሕግ መከራ ላሳየው ሰው የምክር ቢሮ ከፈቱ። 13ኛው በአንድ ቃል መለሰለት። ቃሉን አልደግመውም።

15ኛው ከሁሉም ጋር ተጣልቶ ነው የገባው። እስካሁን 14 ሰው ሲጽፍ ሮበርት ሶቡክዌን ማንም አላነሣም፣ ታሪኩን ለአንድ ፓርቲ ሸጣችሁት አለ። እውነቱን ነው። ሻርፕቪል ላይ የነበረውን የይለፍ ተቃውሞ የጠራው የሶቡክዌ ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ነው። እሱም እጁን ሰጥቶ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ሜይ 1963 ሊፈታ ቀናት ሲቀሩት ፓርላማው በዚያው በ90 ቀኑ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ከተተ። ቅጣቱን የጨረሰ የፖለቲካ እስረኛ ሚኒስትሩ ካላመነበት እስር ቤት ይቆያል ይላል። አንቀጹ በየዓመቱ ይታደስ ነበር። ሥራ ላይ የዋለው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ሶቡክዌ በሮበን ደሴት ከሌሎች እስረኞች ተለይቶ በአንድ ቤት ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ምንም አዲስ ክስ የለም። በ1969 ሲለቀቅ ወደ ኪምበርሊ ልከው በእገዳና በቁም እስር አስቀመጡት። እዚያው ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። በ1978 ሞተ፤ እገዳው እስከዚያ አልተነሣም። አንድን ሰው ለማሰር ፓርላማ ተሰብስቦ ሕግ ሲጽፍ ማየት ይገርማል። ስለ አፈና ከተነገሩኝ ታሪኮች ሁሉ የማልረሳው ይሄ ነው።

16ኛው ወደ አገር ቤት አመጣው። መቼም ኮልፌ ሳይነሣ አይቀርም። በ1962 ማንዴላ በስውር ወጥቶ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ስብሰባ ላይ ተናገረ። በኋላም ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ዴቪድ ሞትሳማዪ የሚል ስም ያለበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ነበረው። 16ኛው ትኩረት ያደረገው ግን ብዙ ሰው በማያነሳው ላይ ነው። ማንዴላ ተመልሶ ኦገስት 5 ቀን ሃዊክ አጠገብ ሲያዝ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሦስቱ ሠራተኛውን ለሥራ ማቆም አድማ በማነሣሣት፣ ሁለቱ ያለ ሕጋዊ ሰነድ ከአገር በመውጣት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓመት ወደ እኛ በመምጣቱ የተቆረጠበት ነው ብሎ ኮራ። 17ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ጉዞው ብዙ የአፍሪካ አገሮችንና ለንደንን ያካለለ ነበር፣ ሁለቱን ዓመት ለብቻችን አንውሰደው አለ። ጥሩ እርማት ነው።

18ኛው ሽጉጡን አነሣ። ማንዴላ ሲመለስ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ የሰጡት ሽጉጥ ከነ 200 ጥይቱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሪቮንያ ባለው የመደበቂያ እርሻ ተቀበረ፤ ተፈልጎም አልተገኘም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተመቸው። 19ኛው ግን ኮሎኔሉ በኋላ ጄኔራል ሆነው በንጉሡ ዘመን ሞት እንደተፈረደባቸውና በ1975 ደርግ እንደገደላቸው ጻፈ። ያ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ከዚያ የመጣው ነው። 20ኛው፣ 21ኛውና 22ኛው ጄኔራሉ የማን ጀግና እንደሆኑ ሲጨቃጨቁ ደቡብ አፍሪካ ተረሳች። አድሚኑ ሁለቱን ሰርዞ ሦስተኛውን አስጠነቀቀ።

23ኛው ከዚያ አቧራ ውስጥ ጥሩ ነገር ይዞ ወጣ። የእኛ እውነተኛው ድርሻ ኮልፌ ብቻ አይደለም ይላል። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስድስት ዓመት ፈጀ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተካፈሉና በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ መብት አላሳዩም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። በወሩ ኦገስት 26 ናሚቢያ ውስጥ የነፃነት ንቅናቄው የስዋፖ የትጥቅ ትግል ተጀመረ። የተያዙት ሰዎች ፕሪቶሪያ ተወስደው ሲከሰሱ የተከሰሱበት ሕግ ገና መጽደቁ ነበር። የ1967ቱ የሽብርተኝነት ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ ከጁን 1962 ጀምሮ የተሠራውን እንዲይዝ ተደርጎ ተጻፈ። 37 ሰዎች በዚህ ሕግ ተከሰሱ። የስዋፖ መሪ ቶይቮ ያ ቶይቮ 20 ዓመት ተፈረደበት። ሄግ ላይ በሕግ መንገድ የተሞከረው ሲዘጋ ፕሪቶሪያ ላይ ሕጉ የትናንትን ድርጊት ፍለጋ ወጣ። የጥቁር ንቃት ንቅናቄ መሪው ስቲቭ ቢኮም በ1977 የሞተው በዚሁ ሕግ 6ኛ አንቀጽ ተይዞ ነው። በሞቱ የተደረገው ምርመራ ተጠያቂ የለም ብሎ ተዘጋ።

24ኛው ድንበር ተሻገረ። የደቡብ ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ነጮችም ይሄንኑ ነው የሠሩት ይላል። በ1960 የሕግና ሥርዓት ማስከበሪያ ሕግ ሲወጣ የሮዴዥያና ኒያሳላንድ ፌዴሬሽን ዋና ዳኛ ሮበርት ትሬድጎልድ ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። የጥቁሮች ፓርቲ ይቋቋማል፣ ይታገዳል፣ በሌላ ስም ይቋቋማል፣ ይታገዳል። ኖቬምበር 1965 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ የኢያን ስሚዝን አገዛዝ ቀብሮ በነፃዋ ዚምባብዌ እስከ 1990 ቆየ። የ1960ው ሕግም እስከ 2002 ሥራ ላይ ነበር። ሮበርት ሙጋቤ በነጮች ዘመን አሥር ዓመት ገደማ ያለ ነፃነት ያሳለፈ ሰው ነው። ሥልጣን ሲይዝ ሕጉን አልጣለውም። ይህ ለብቻው ክር የሚገባው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሐራሬ ሲባል 25ኛው ወዲያው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን አመጣና አድሚኑ እንደገና ጅራፉን አነሣ።

26ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። 5ኛውንና 12ኛዋን አመሰገነ። ግማሹ ተመልሶልኛል አለ። የቀረው አንድ ነገር ነው። ያ ሩምፍ የተባለ ዳኛ የመንግሥትን የአራት ዓመት ክስ ካፈረሰ በኋላ ምን ደረሰበት?

27ኛው የጠበቃው ነው፣ አጭር ነው። ሩምፍ ምንም አልደረሰበትም። በ1974፣ ቮርስተር ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፣ የደቡብ አፍሪካ ዋና ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1982 ቆየ። በዚያ ዘመን የሽብርተኝነት ሕጉ 6ኛ አንቀጽ ሥራ ላይ ነበር። በእሱ የተያዘን ሰው ዋና ዳኛውም ቢሆን ማስፈታት አይችልም።